«የቆየ ቤንዚን» ምንድን ነው? ክረምቱን ያረፈ ፓምፕ ጥቅምት ላይ ለምን እምቢ ይላል?

ጥቅምት ሲገባ በቦርከና ዳር፣ በሐርቡና በከሚሴ በኩል፣ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው የውሃ ፓምፑን ከተቀመጠበት ያወጣል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ጓዳ ጥግ የተወሸቀው ማለት ነው። ገመዱን ይስባል፤ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ወይ ፍንክች!

አምና አንድ ጎረቤታችን ካንዴላውን ቀየረ፣ ዘይቱን ቀየረ፣ ገመዱን እስኪበጠስ ጎተተ። ሲሰለቸው ፓምፑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ኮምቦልቻ ሄደ። መካኒኩ ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ ከሚሰጠው ክፍል) ሥር ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጎ የወጣውን ጠብታ በሁለት ጣቱ አሽቶ አሸተተው። «አብሽር ጋሼ፣ ሞተሩ ደህና ነው። ያረጀው ቤንዚኑ ነው።»

ቤንዚን ያረጃል እንዴ? አዎ፣ ያረጃል። ቅቤ ሲቆይ መድኃኒት ነው ይባላል፤ ቤንዚን ግን በቆየ ቁጥር ይከፋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቤንዚን የብዙ ዓይነት ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ሲሆን ከእነሱ ውስጥ በጣም ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ። ቀዝቃዛ ሞተር ቶሎ የሚነሳው ደግሞ በእነዚያው ነው። እነሱ ተነው ካለቁ የቀረው ክብሪት ቢነካው ይነዳል፣ ሞተር ማስነሳት ላይ ግን ዳተኛ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ከድብልቁ ውስጥ አንዳንዱ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ቀስ በቀስ ወደ ሙጫ ይለወጣል። ቀለሙ ወደ ሻይ ያደላል፣ ሽታውም የቤንዚንነቱ ቀርቶ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታንከሩን ገልብጦ አዲስ ቤንዚን ይሞላና «ይኸው ቀየርኩ፣ አሁንም አይነሳም» ይላል። ጣጣው ያለው ግን ታንከሩ ውስጥ ሳይሆን ከካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የምትይዘው ቤንዚን ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም፣ አየርም ያገኛታል። ያቺ ትንሽ ቤንዚን በክረምቱ ወራት ተንና ደርቃ ሙጫዋን ትታ ትሄዳለች። ከጎድጓዳዋ ወደ ሞተሩ ነዳጅ የሚሳብባት የናስ ቀዳዳ ደግሞ በትንንሽ ሞተሮች ላይ ስፋቷ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። እሷን ለመድፈን ስንት ሙጫ ያስፈልጋል?

ጥላ ቦታ፣ በደንብ በተከደነ ዕቃ የተቀመጠ ቤንዚን ከ3 እስከ 6 ወር ያህል ደህና ይቆያል። ጎድጓዳዋ ውስጥ ግን ለማርጀት አንድ ሁለት ወር ይበቃዋል። ሙቀት ነገሩን ያፋጥነዋል፤ ባቲ ላይ የተቀመጠና ደሴ ብርድ ውስጥ የተቀመጠ እኩል አያረጁም። በዚያ ላይ ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን ገዝቶ የሚያከማች አለ። ስለዚህ «ዛሬ የገዛሁት ነው» ያልነው ቤንዚን እጃችን ሳይገባ ወራት ያስቆጠረ ሊሆን ይችላል።

ናፍጣ በዚህ በኩል ይሻላል፤ የእሱ ጠላት ውሃ ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ ታንከር ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲበርድ ከውስጥ ያልበዋል። ውሃው ከናፍጣው ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ብረቱን ያዝጋል፤ ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ላይ ደግሞ ተህዋስያን ይራቡና ፊልትሮውን በአተላ ይዘጉታል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም የናፍጣ መኪና ታንከሩ ሙሉ ቢሆን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ወደ ፓምፑ እንመለስ። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በማጽጃ ይታጠባል፣ ቀዳዳዋ በአየር ትነፋለች። እባካችሁ መርፌ አትክተቱባት! ናስ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ከሰፋች ሞተሩ ነዳጅ እየበላ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የግድ ካስፈለገ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዝዞ ቀስ ብሎ ማስገባት ይሻላል።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰኔ ላይ ፓምፑን ከማስቀመጣችሁ በፊት የነዳጁን መዝጊያ ዝጉና ሞተሩን አስነሱት። ጎድጓዳዋ ውስጥ ያለውን በልቶ ሲጨርስ ራሱ ይጠፋል። ከዚያ የታችኛዋን ብሎን ፈትታችሁ የተረፈችውን ጠብታ አፍስሱ። ታንከሩ ውስጥ የቀረውንም ቀድታችሁ ሳይቆይ ለባጃጅ ወይም ለሞተር ሳይክል ስጡት።

ያረጀውን ቤንዚን ግን «ለሞተር ካልሆነ ለማብሰያ ይሁን» ብሎ የላምባ ምድጃ ወይም ኩራዝ ውስጥ የሚጨምር አይጠፋም። ሞተር ማስነሳት ያቃተው ቤንዚን ቤት ማቃጠል አያቅተውም።