ሬሳን ለሕክምና ትምህርት መስጠትና የካቶሊክ ፍትሐት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ሐኪም የሚማርባት ከተማ ናት። ቢሆንም አንድ ካቶሊክ «ስሞት ሰውነቴን ለተማሪዎች ስጡልኝ» ካለ፣ ንፍሮ እየቆረጠመ የማይፈርድበት ለቀስተኛ የለም።

«ቤተክርስቲያን ትከለክላለች።»

አትከለክልም። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2301 ለሳይንስ ምርምር አስከሬን መመርመር እንደሚቻል ይናገራል። ከሞት በኋላ የአካል ክፍልን በነፃ መለገስም የተፈቀደ ነው ይላል። ቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳል እንኳ ጣሊያን አገር ፓዱዋ ሲማር በጠና ታሞ፣ ሬሳው ለሕክምና ተማሪዎች እንዲሰጥ ተናዝዞ ነበር። ያኔ ተማሪዎቹ ሬሳ ፍለጋ መቃብር እየቆፈሩ ከሰው ይጣሉ ነበር። እሱ ግን ዳነና ኋላ ጳጳስ ሆነ።

«ሬሳ ከሌለ ቅዳሴ የለም።»

ቤተሰብ የሚያስጨንቀው ይሄኛው ነው። ተቀባዩ ተቋም ጊዜ ከሰጠ አስከሬኑ መጀመሪያ ቤተክርስቲያን ይገባል። ቅዳሴው ይደርሳል፤ ካህኑ ጸበል ይረጫል፣ ያጥናል፣ ያሰናብታል። ከዚያ መኪናው ወደ መቃብር ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ጊዜ ከሌለ ቅዳሴው ያለ አስከሬን ይደረጋል። የሚቀረው የስንብቱ ሥርዓት ብቻ ነው፤ እሱ አስከሬኑ ባለበት እንጂ በባዶ ሳጥን ላይ አይደረግም።

«እዚያው ተጥሎ ይቀራል።»

ቤተክርስቲያን ጥናቱ ሲያበቃ የቀረው አካል በክብር እንዲቀበር ትፈልጋለች። ያን ቀን ካህኑ መጥቶ የቀብሩን ጸሎት ያደርሳል። ውጭ አገር ብዙ ተቋማት አቃጥለው አመዱን ይመልሳሉ። ማቃጠል ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል፤ አመዱ ግን በተቀደሰ ቦታ ማረፍ አለበት። ቫቲካን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መመሪያ መበተን አይቻልም። ሳሎን ቡፌ ላይ መደርደርም እንዲሁ።

«በትንሣኤ ምን ይዞ ይነሳል?»

አንበሳ የበላቸው ሰማዕታት ይዘው የሚነሱትን።

«የዓይን ብሌን መስጠትም ያው ነው።»

አይደለም። ብሌኑ በሰዓታት ውስጥ ይነሳል፤ ቀብሩ እንደወትሮው ይቀጥላል።

«እድሩ እጁን ያነሳል።»

ይሄን ቄስ አይመልሰውም። ደንቡን አንብቡ፣ የእድሩን ዳኛ በቁም ሳላችሁ ጠይቁ። በኔ እምነት ድንኳን የሚተከለው ለለቀስተኛ እንጂ ለሬሳ አይደለም። ለልጆቻችሁም ንገሩ፤ በጽሑፍም አስቀምጡ። ከተቋሙ ጋር ስትፈራረሙ ደግሞ የቀረው አካል መቼ፣ ለማን እንደሚመለስና የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል አስጽፉ።