«ሾርት» ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ የተበላሸ ፕሌይስቴሽን ይዞ ወደ ጥገና ቤት የገባ ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱን ሳይሰማ አይወጣም። አንዱ «ፓወሩ ነው» የሚለው ነው። ሌላው «ሾርት አድርጓል» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን በገንዘብ ይገላገሉታል። ሁለተኛው ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ራስ እየተነቀነቀ ስለሚነገር ባለቤቱ መርዶ እንደሰማ ሰው ዕቃውን አቅፎ ይመለሳል። «ሾርት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የጠየቀም ብዙ ጊዜ «በቃ፣ ሾርት ነዋ!» የሚል መልስ ያገኛል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ፕሌይስቴሽን 4 ይዘው ወደ ጥገና ቤቴ መጡ። ከፊት ጀበና ቡና ያፈላሉ፤ ከጀርባ ባለችው ክፍል ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን አስቀምጠው የሰፈሩን ልጆች በየጨዋታው ያስከፍላሉ። ያመጡት ዕቃ ማብሪያው ሲነካ አንዴ «ጢጥ» ይላል፣ ሰማያዊ መብራቱ ለአፍታ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ሌላ ቦታ ወስደውት ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለዕቃው በሚስማማው ቮልት የሚቀይረው ክፍል፣ በአዲስ ተቀይሮ ነበር፤ ችግሩ ግን ፈቀቅ አላለም። በመጨረሻ «ሾርት ነው፣ ተስፋ የለውም» ተብለው ወጡ።

«ልጄ፣ ሾርት ማለት ሞቷል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ፤ ትኩሳት አለው እንደማለት ነው» አልኳቸው። «ወባ ይሁን ታይፎይድ ገና አልታወቀም።»

በእሳት አደጋ ዜና ላይ «በኤሌክትሪክ ኮንታክት የተነሳ» ሲባል የምንሰማውና ጠጋኞች «ሾርት» የሚሉት አንድ ነገር ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «አጭር» ማለት ቢሆንም «አቋራጭ» ብንለው ይበልጥ ይገልጸዋል ባይ ነኝ። የኤሌክትሪክ ፍሰት ከምንጩ ይወጣል፣ ሥራ የሚሠራ ነገር ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ሥራ የሚሠራው ነገር፣ አምፖልም ይሁን ቺፕ፣ ፍሰቱን ይዞ ያስቸግረዋል፤ በኦም የሚለካው ይህ እንቅፋት ነው የፍሰቱን መጠን የሚወስነው። ሾርት የሚባለው ፍሰቱ ሥራውን ትቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ እንቅፋት የሌለው መንገድ ሲከፈትለት ነው።

የሒሳቡ ቀላልነት ያስገርማል። ጆርጅ ኦም የተባለው ጀርመናዊ በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት ቮልቱን፣ ማለትም ግፊቱን፣ ለኦም ስናካፍል አምፔሩን፣ ማለትም የፍሰቱን መጠን፣ እናገኛለን። የፕሌይስቴሽን 4 ዋና መስመር 12 ቮልት ነው። በዚያ መስመር ላይ 0.3 ኦም ብቻ ያለው አቋራጭ ቢከፈት ፍሰቱ 40 አምፔር፣ ኃይሉም (ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ) 480 ዋት ይሆናል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታ ላይ ሆኖ በአጠቃላይ የሚወስደው 150 ዋት ገደማ ስለሆነ ይህን ፓወር ሰፕላዩ ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ ጭነቱ ከአቅም በላይ መሆኑን እንዳወቀ ይዘጋል። «ጢጥ» ብሎ መጥፋት ማለት ይኸው ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ የሚጠበቅበትን እያደረገ ነው፤ እኛ ደግሞ አውጥተን እንጥለዋለን። የእትዬ ገንዘብ የባከነው እዚህ ላይ ነው።

«ጢጥ» የሚለው ድምፅ ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከ12 ቮልቱ ሌላ ሁልጊዜ የማይጠፋ፣ ወደ 5 ቮልት የሚጠጋ የመጠባበቂያ መስመር አለው። ማብሪያውን የሚሰማው፣ ድምፁን የሚያሰማውና ትንሿን መብራት የሚያበራው ክፍል የሚሠራው በዚህ ነው። ድምፅ ከተሰማ መጠባበቂያው ደኅና ነው፤ ችግሩ የመጣው 12 ቮልቱ ሲለቀቅ ነው። ምንም ድምፅ፣ ምንም መብራት ከሌለ ግን ምርመራው ከሌላ ቦታ ይጀምራል፤ ከገመዱ፣ ከፊውዙ፣ ከመጠባበቂያው መስመር። ነጭ መብራት በርቶ ምስል ብቻ ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የኤችዲኤምአይ መሰኪያውን ተመልከቱ። ጌም ቤት ውስጥ ያ መሰኪያ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጎተት የሚያውቅ ሰው አይደነቅም፤ ከ19ኙ ጥፍሮች አንዱ ከታጠፈ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አቋራጩን የሚከፍተው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ነው፤ ያውም እንደ በርሜል የቆመው ሳይሆን ቺፖቹን በተሸከመው ሰሌዳ፣ በቦርዱ ላይ በመቶዎች የተዘራው፣ ቡናማ ቀለም ያለው፣ ትንሹ የጤፍ ፍሬ የሚያህለው ዓይነት። ውስጡ እንደ እንጀራ የተደራረበ ነው፤ ስስ ብረት፣ ስስ ሴራሚክ፣ እንደገና ብረት። ሴራሚኩ ብረቶቹን ለያይቶ ይይዛል። ቦርዱ ሲታጠፍ፣ ዕቃው ሲወድቅ ወይም ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከላይ ሲታይ ግን አንዳንዱ ምንም ምልክት አይሰጥም። አይጠቁርም፣ አያብጥም፣ አይሸትም።

ችግሩን የሚያከብደው እነዚህ ካፓሲተሮች በአንድ መስመርና በመመለሻው መካከል ጎን ለጎን የተደረደሩ መሆናቸው ነው። ሃያ ቢሆኑና አንዷ ብትበላሽ መለኪያው ሃያዎቹንም «ሾርት» ይላቸዋል። ሰፈር ውስጥ አንድ ቦታ ቧንቧ ሲፈነዳ የሁሉም ቤት ውኃ እንደሚደክመው ነው፤ የራስን ቧንቧ እየከፈቱ መመልከት የፈነዳው የት እንደሆነ አይነግርም። ስለዚህ «ሾርት አለ» ማለት የአምስት ደቂቃ ሥራ ሲሆን «ሾርቱ እዚህ ነው» ማለት ግን ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ዕቃው ከግድግዳው ይነቀላል፣ ፓወር ሰፕላዩ ከቦርዱ ይለያል። እግረ መንገዴን ላስጠንቅቅ፤ ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አትክፈቱ። የ220 ቮልቱ መብራት ውስጡ ሲገባ ከ310 ቮልት በላይ ሆኖ በትልቁ ካፓሲተር ይጠራቀማል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም የሚቆይበት ጊዜ አለ። ቦርዱ ብቻውን ከሆነ በኋላ የመልቲሜትሩ (የመለኪያው) አንድ ጫፍ በ12 ቮልቱ መግቢያ፣ ሌላው በመመለሻው ላይ ይደረጋል። ጤነኛ ቦርድ ላይ ቁጥሩ ከትንሽ ይነሳና ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ እየጨመረ ሄዶ በመቶዎች ወይም በሺዎች ኦም ላይ ይቆማል። የእትዬ ቦርድ 0.5 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸው የገመዶቹ ብቻ 0.2 ነበር። ሲቀነስ 0.3 ይቀራል። እውነተኛ ሾርት ይህ ነው።

«እውነተኛ» ያልኩት ሐሰተኛም ስላለ ነው፤ በዚህ እኔም ተሰናክያለሁ። መልቲሜትር «ጢጢጢ» የሚልበት መፈተሻ አለው፤ ብዙዎቻችን ቁጥር ከማንበብ ይልቅ ድምፁን እንወዳለን። ያ ድምፅ ግን ብዙ መለኪያዎች ላይ ከ30 እስከ 50 ኦም ባለ ነገር ሁሉ ይጮኻል። የፕሌይስቴሽን 4 ዋናው ቺፕ ማሰቢያውንና ምስል ሠሪውን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ 1 ቮልት ገደማ እየተቀበለ ብዙ አስር አምፔሮችን ይጠጣል። ቢሊዮን በሚቆጠሩ ትራንዚስተሮቹ ምክንያት ደኅና ሆኖ ሳለ መስመሩ ከጥቂት ኦም በታች ሊያሳይ ይችላል። መለኪያው ደግሞ ይጮኻል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በዚህ ጩኸት ብቻ አንድ ደኅና ቺፕ «ሾርት ነው» ብዬ ፈረድኩበት፤ ባለቤቱም ቦርዱን ለዕቃ ሸጠልኝ። ከወራት በኋላ የሚሠራ ተመሳሳይ ቦርድ አግኝቼ ስለካው ያው ቁጥር! ሰውዬውን ፈልጌ ሒሳቡን አስተካክያለሁ፤ የሚሠራ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ሳላስቀምጥ መፍረድ ያቆምኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላ መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። 12 ቮልቱን ወደ 1 ቮልት የሚያወርዱት ሞስፌት የሚባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው፤ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከላይ ያለው ሞስፌት ተቃጥሎ ክፍት ከቀረ 12 ቮልቱ በቀጥታ 1 ቮልት ወደለመደው ቺፕ ይገባል። ያ እውነተኛው መርዶ ነው። ስለዚህ 12 ቮልቱ ላይ ዝቅተኛ ኦም ሲገኝ መጀመሪያ በ12 ቮልቱና በቺፑ መስመር መካከል ይለካል። እዚያ መካከል አቋራጭ ካለ በደለኛው ሞስፌቱ ነው፤ ካፓሲተር መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል። እትዬ ዕድለኛ ነበሩ፤ በዚያ በኩል ሰላም ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ እኔ የምወደው ነው። ቮልቱና አምፔሩ የሚስተካከል የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ ወስጄ 1 ቮልት ላይ አደርገዋለሁ፤ ፍሰቱም ከ4 አምፔር እንዳያልፍ እገድበዋለሁ። 12 ቮልት የለመደ መስመር ላይ ለምን 1 ብቻ? ምናልባት ሳላየው የቀረ ሞስፌት ቢኖር 1 ቮልት ቺፑን አይገድለውም። ይህን ወደ ተጠርጣሪው መስመር እለቅቀዋለሁ። 1 ቮልት ለ0.3 ኦም ሲካፈል 3.3 አምፔር፣ ማለትም 3.3 ዋት ሙቀት ነው። በአምፖል ቢሆን ኢምንት ነው፤ የጤፍ ፍሬ በምታህል ነገር ላይ ግን እሳት ነው። ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ ያለው ወዲያው ያያታል። የሌለው ቦርዱን አልኮል ይቀባዋል፤ አልኮሉ በመጀመሪያ የደረቀበት ቦታ ላይ በደለኛዋ ተቀምጣለች። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው፣ 70 በመቶው አልኮል የሆነው፣ ውኃም ስላለበት ዘግየት ይላል እንጂ ይሠራል። በአካባቢው ሲጋራም ሆነ የከሰል ምድጃ እንዳይኖር፤ ቡና እየተፈላ ይህን መሞከር ቂልነት ነው።

በእትዬ ቦርድ ላይ ከ12 ቮልቱ መግቢያ ሦስት ጣት ያህል ራቅ ብላ ያለች አንዲት ካፓሲተር ዙሪያዋን በቅጽበት አደረቀች። በሙቅ አየር ነቀልኳት። መለኪያው ከ0.5 ተነስቶ ሽቅብ ጋለበ። መስመሩ ላይ ብዙ እህቶች ስላሏት ያለ እሷም ዕቃው ሊነሳ ይችል ነበር፤ ቦታዋን ባዶ መተው ግን የባለሙያ ሥራ አይመስለኝም፤ ከአሮጌ ቦርድ አቻዋን ነቅዬ ተካሁባት።

ካፓሲተር ሁልጊዜ ተጠያቂ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጅማ ሌላም አላት። ፕሌይስቴሽን 4 ፓወር ሰፕላዩን የሚይዘው በሆዱ ነው፤ ሞቃት፣ ጨለማና ቀዳዳ ያለው ስለሆነ ለበረሮ ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ፈንድሻ ፍርፋሪ ደግሞ ቀለቡ ነው። በረሮው ከፍተኛ ቮልት ያለባቸውን ሁለት ነጥቦች በገላው ሲያገናኝ ራሱ ሾርት ይሆናል፤ ፊውዙም አብሮት ይሄዳል። ያልተቃጠለውም ኩሱን ይተዋል፤ ኩሱና አቧራው ከረጅሙ ክረምታችን እርጥበት ይጠጣሉ፣ ብረቱንም ቀስ በቀስ ይበሉታል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ያናድደኛል፦ የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ መተካት። ፊውዙ የተቃጠለው አቋራጭ ስላየ ነው፤ በሽቦ ሲተካ አቋራጩ እዚያው እያለ ዘበኛው ብቻ ተባረረ። በዜና የምንሰማው «ኮንታክት» አንዳንዱ እንዲህ ተጀምሮ እንደሚሆን እገምታለሁ።

እትዬ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ የተነቀለችውን ካፓሲተር በነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ።

«ለዚህች ነው ይህን ሁሉ የምትጠይቀኝ?»

«ለእሷ አይደለም እትዬ፤ የት እንዳለች ለማወቅ ነው።»

ሳቁና ጥቂት አስቀንሰው ከፈሉ። ፕሌይስቴሽኑን ከወለል ከፍ አድርገው፣ ከምድጃውና ከፈንድሻው አርቀው እንዲያስቀምጡት ነገርኳቸው፤ አንድ በርጩማ ላይ አስቀምጠውታል።

ሁሉም እንዲህ አይጨርስም። አልኮሉ የደረቀው በዋናው ቺፕ ላይ ከሆነና በዙሪያው ያለው ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልተነሳ፣ ሾርቱ ቺፑ ውስጥ ነው። ቺፑን መተካት ጅማ ውስጥ በሚገኝ መሣሪያ የሚሞከር አይደለም፤ ቦርዱን 350 ኪሎ ሜትር አሻግሮ አዲስ አበባ መላክም ከዕቃው ዋጋ ጋር ይተናነቃል። እንዲህ ያሉ ሦስት ቦርዶች መደርደሪያዬ ላይ አሉ። በእትዬ ቦርድ ላይ የተካኋት ካፓሲተር የተነቀለችው ከመካከለኛው ነው።