የምግብ ድር ምንድን ነው? ከበሬሳ ድንጋይ ሥር እስከ ወንዝ አፍ

ከደብረ ብርሃን ከተማ በላይ፣ የበሬሳ ወንዝ ገና ጠርቶ በሚወርድበት በኩል፣ ጡብ የሚያህል ድንጋይ አንስታችሁ ገልብጡት። በላይኛው ፊቱ እግር የሚያዳልጥ አረንጓዴ ልባስ አለ፤ አልጌ ነው። ከሥሩ ክር የመሰለ ጭራ ያላት ጠፍጣፋ ነፍሳት ልትሸሽ ትችላለች፤ የሜይፍላይ እጭ ናት፣ አልጌውን የምትግጠው እሷ ነች። በአሸዋና በቅጠል ቁርጥራጭ የተሠራች ትንሽ ቱቦ ተለጥፋ ካያችሁ፣ ውስጧ የካዲስፍላይ እጭ አለች። ውኃው አጥብቆ በሚመታው ጠርዝ ላይ በተርታ የተጣበቁት ጥቋቁሮች ደግሞ ሲያድጉ ሰውና ከብት የሚነክሱት ጥቁር ዝንቦች ናቸው፤ አፋቸው አጠገብ ባለው ማራገቢያ መሰል ጸጉር የሚያልፈውን ውኃ እያጠለሉ ይመገባሉ። ከብት ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው ውስጥ እየገባ ገበሬውን የሚያማርረው አልቅትም ከዚሁ ማኅበር ነው።

የምግብ ድር ማለት በአንድ ቦታ የሚኖሩ ፍጥረታት ማን ማንን እንደሚበላ የሚያሳይ ካርታ ነው። ትምህርት ቤት የምንማረው የምግብ ሰንሰለት (ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ) ከዚህ ድር የተመዘዘ አንድ ክር ነው። በወንዝ ውስጥ ግን በአንድ ክር ብቻ የሚኖር እንስሳ ጥቂት ነው። አምባዛን ብንወስድ ነፍሳት ይበላል፣ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ትንሽ ዓሣ ይውጣል፣ ካጣ ብስባሽም አይንቅም። ስለዚህ አንዱ ምግብ ሲጠፋ ወዲያው አይጠፋም። በተቃራኒው ጋራ የሚባለው የደጋ ወንዞች ትንሽ ዓሣ (ስሙ ከተራራው ጋራ ጋር በአጋጣሚ ገጠመ) ከአገጩ ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ በአመዛኙ አልጌ የሚፍቅ ነው፤ ድንጋዩ በደለል ከተሸፈነ ገበታው ተሸፈነ ማለት ነው።

ወደ ድሩ ምግብ የሚገባው በሁለት በር ነው። አንዱ በውኃው ውስጥ በፀሐይ የሚበቅለው አልጌ፣ ሌላው ከዳር የሚረግፈው ቅጠል። ቅጠሉን መጀመሪያ ሻጋታና ባክቴሪያ ያለሰልሱታል፤ ከዚያ ቆራጭ ነፍሳት ይከታትፉታል፤ ፍርፋሪው ወደ ታች ሲወርድ አጣሪዎችና ለቃሚዎች ይቀበሉታል። በሰሜን ሸዋ ብዙ ወንዝ ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ በመሆኑ ይህ በር እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም። ቅጠሉ ዘይትና ታኒን (አፍ የሚያጨማትር ንጥረ ነገር) ስለሚበዛበት ሻጋታው ቶሎ አይይዘውም፣ ቆራጮቹም ብዙ አይደፍሩትም። ቅጠል በገፍ እያለ ነፍሳቱ የሚራቡበት ወንዝ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

በድሩ ውስጥ አልጌው አንደኛ እርከን ነው፣ እሱን የሚበላው ሁለተኛ፣ ያንን የሚበላው ሦስተኛ። ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ጉልበት በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው በእንቅስቃሴ፣ በመተንፈስና በእዳሪ ያልቃል። በዚህ ሒሳብ 1,000 ኪሎ አልጌ 100 ኪሎ ነፍሳት፣ እነሱም 10 ኪሎ ትንንሽ ዓሣ ይቀልባሉ። ትልቅ ዓሣ በየወንዙ የማይበዛው ለዚህ ነው።

ድሩ የሚጠናው ከናሙና ተነሥቶ ነው። ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎርፍ ነፍሳቱን ጠርጎ ስለሚወስድ የሚገኘው ቁጥር የወንዙን ጤና ሳይሆን የጎርፉን ጉልበት ይናገራል። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ የእጅ መረብ ወለሉ ላይ ይቆማል፤ አጥኚው ከመረቡ በላይ በኩል ቆሞ ድንጋዩንና ጠጠሩን በእግሩ ያተራምሳል፣ የተነቀለውን ውኃው ራሱ ወደ መረቡ ያስገባዋል። በጠቅላላው 3 ደቂቃ፣ ለፈጣኑ ክፍል፣ ለዳሩ ሣርና ለጭቃው ተከፋፍሎ። ሥራው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ የጀመረ ሰው ቀጥሎ የሚሠራበትን ቦታ በራሱ እግር አደፍርሶታል።

የተያዘው በነጭ ትሪ ላይ ይዘረገፋል። ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ዓይን የሚሮጠውን ትልቁን ይከተላል፤ ትንንሾቹና ዝም ብለው የተጋደሙት ይቀራሉ። ትሪውን ለጥቂት ደቂቃ ሳይነኩ መተው፣ ከዚያ ከአንድ ጥግ ጀምሮ በመስመር በወረንጦ መልቀም ነው። ለቅሞ ሲያበቃ 70 በመቶ አልኮል ባለው ብልቃጥ ይቀመጣል፤ ቦታውና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ ወረቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። በእስክርቢቶ የተጻፈ በአልኮል ታጥቦ ይጠፋል፤ የት እንደተያዘ የማይታወቅ ናሙና ደግሞ ምንም አይጠቅምም።

ከከተማ በታች ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ትሪው ሌላ ነገር ያሳያል። ኦክስጅን ባነሰበት ውኃ ሜይፍላይና ካዲስፍላይ ይጎድሉና ደም የመሰሉ ቀይ የኪሮኖሚድ (ትንኝ መሰል ዝንብ) እጮችና ቀጫጭን ትሎች ይሞሉታል። እጮቹ የቀሉት እንደኛ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ያቺን ትንሽ ኦክስጅን የሚይዙት በእሱ ነው። ቁጥራቸው ከላይኛው ሊበልጥ ይችላል፤ የሳሳው ድሩ ነው። ብዛትን ብቻ ቆጥሮ «ወንዙ ሕይወት አለው» ማለት ያሳስታል።

ዓሣው ምን እንደበላ ለማወቅ ሆዱን መክፈት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ግን መፈጨት ከሞት በኋላም ስለሚቀጥል ወዲያው በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ያም ሆኖ ሆድ ዕቃ ያዳላል፦ የጥንዚዛ ቅርፊትና የቀንድ አውጣ ዛጎል ይቆያሉ፣ ለስላሳ ትል ምልክት ሳይተው ይሟሟል። ይህን የሚያርመው የናይትሮጅን አይሶቶፕ ልኬት ነው፤ አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያይ ዓይነት ነው። ከባዱ ናይትሮጅን 15 በእያንዳንዱ እርከን በአማካይ በሺህ 3.4 ያህል ይጨምራል። ከዓሣው ጀርባ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ በ60 ዲግሪ ይደርቃል፣ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ ለመለኪያው 1 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃል። ለምሳሌ ሁለተኛ እርከን ላይ ያለው አልጌ በል ቀንድ አውጣ በሺህ 5.0፣ ዓሣው 10.1 ቢሆን፣ ልዩነቱ 5.1 ለ3.4 ተካፍሎ 1.5 ይሆናል፤ 2 ሲደመርበት ዓሣው እርከን 3.5 ላይ ነው። ሁለት ጥንቃቄ አለ። ከቀንድ አውጣው የሚወሰደው ሥጋው ብቻ ነው፤ ዛጎሉ ከገባ ከናይትሮጅኑ ጋር አብሮ የሚለካውን የካርቦን ልኬት ያበላሻል። ቀንድ አውጣው ዓሣው ከተያዘበት ከዚያው ቦታ መሆን አለበት፤ የከተማ ፍሳሽ ናይትሮጅኑን ከሥር ከፍ ስለሚያደርገው፣ ከላይኛው ወንዝ የመጣ መነሻ ቀንድ አውጣ የታችኛውን ዓሣ ያለ እርከኑ ያስቀምጠዋል።

ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ፣ ኢስቹዋሪ የሚባለው፣ የምግብ ድር ብዙ ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በጣርማ በር ሸንተረር ላይ የሚወርድ ዝናብ በሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በሮቢና በጀውሃ ወንዞች በኩል የአዋሽ ተፋሰስ ነው፤ አዋሽ ግን ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ስለሚቀር ባሕር አያይም። ወደ ምዕራብ የወረደው ከበሬሳና ከመሰሎቹ ጋር በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይን ይዞ ሜዲትራኒያን ይደርሳል።

ወንዝ አፍ ላይ ጨዉ በአንድ ሊትር ከዜሮ ተነሥቶ የባሕሩ 35 ግራም ይደርሳል፣ ባሕሩም በየቀኑ ይገፋል ይመለሳል። ይህን የሚችል የእንስሳ ዓይነት ጥቂት ነው፤ የቻለው ግን በጭቃው ውስጥ እጅግ ይበዛል፦ ትሎች፣ ባለ ሁለት ክፍል ዛጎሎች፣ ሽሪምፖች። ዋና ምግባቸው ብስባሽ ነው፤ በእነሱ ላይ የዓሣ ጫጩቶች ያድጋሉ። ናሙናው ባሕሩ ሲሸሽ ቧንቧ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይወጣና በግማሽ ወይም በ1 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይታጠባል። ጨዉ ሲለካ ከላይም ከሥርም ነው፤ ጨዋማው ውኃ ከባድ ስለሆነ ከታች ይተኛል፣ ከላይ ብቻ የለካ ሰው ትሎቹ የሚኖሩበትን ውኃ አልለካም።

የጀማ ደለል የዚህ ድር አካል ነበር። የክረምቱ ጎርፍ ከኢትዮጵያ ደጋ ይዞት የሚሄደው ምግብ ንጥረ ነገር በናይል አፍ አልጌ ያፈላ፣ አልጌው የሰርዲን መንጋ ይቀልብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ግብፅ 18,000 ቶን ገደማ ሰርዲን አጥምዳለች። ከ1964 ጀምሮ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጎርፉን ያዘ፤ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ምርቱ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው ዳግም በዝቷል። የናይትሮጅን አይሶቶፑ ሲለካ ግን የመጣበት በር ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ ከዴልታው እርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና የከተሞቹ ፍሳሽ።