የቤጂንግ–ሻንጋይ ፈጣን ባቡር፦ ነገሩ ያለው ከሐዲዱ ሥር ነው

የቤጂንግ–ሻንጋይን ባቡር የሚሳፈሩ ሰዎች የሚወዱት አንድ ሙከራ አለ። ሳንቲም አውጥተው መስኮቱ ሥር በጠርዙ ያቆሙታል። ባቡሩ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ሳንቲሙ ለደቂቃዎች ሳይወድቅ ይቆማል። ሰው በባቡሩ ይገረማል፤ እኔን ግን የሚገርመኝ ከሥሩ ያለው ሥራ ነው።

መስመሩ 1,318 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በቲያንጂን፣ በጂናንና በናንጂንግ በኩል ያልፋል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 ተጀምሮ ጁን 30 ቀን 2011 ለመንገደኛ ተከፈተ፤ በቃ፣ ሦስት ዓመት ከምናምን ነው የፈጀው።

ታዲያ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት ላይ አይደለም፣ ድልድይ ላይ ነው። ወንዝ ስለበዛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በተለይ ወደ ሻንጋይ ሲጠጋ አገሩ የሩዝ ማሳ፣ ቦይና ሐይቅ ነው፤ አፈሩ ለስላሳና ውኃ ያዘለ ስለሆነ ሐዲዱን እላዩ ላይ ቢያነጥፉት ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ያውም አንዱ ቦታ ከሌላው በላይ። በዚህ ፍጥነት ይሄ አደጋ ነው። ስለዚህ ምሰሶ ወደ ታች አጥልቀው ተከሉና ሐዲዱን ከላይ አሳረፉት። የእርሻ መሬትም ተረፈ። ከዳንያንግ እስከ ኩንሻን ያለው አንዱ ድልድይ ብቻ 164.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ በርዝመት ከዓለም አንደኛ!

አሠራሩም ደስ ይላል። 32 ሜትር ርዝመትና 900 ቶን ገደማ ክብደት ያለው፣ ከምሰሶ ምሰሶ የሚጋደም የኮንክሪት ተሸካሚ መስመሩ አጠገብ ተሠርቶ ይደርቃል። ከዚያ ብዙ ጎማ ያለው ግዙፍ መኪና ተሸክሞት ባለቀው ድልድይ ላይ እየሄደ ቀጣዮቹ ምሰሶዎች ጋ ያደርሰዋል። ከላይ ደግሞ እንደ ድሮው ሐዲድ ጠጠር አይፈስስም፤ ሐዲዱ የሚታሰረው በኮንክሪት ወለል ላይ ነው። የሳንቲሙ ምስጢር አንዱ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንከን አልጠፋም፤ በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ኃይል እየተቋረጠ ባቡሮች መንገድ ላይ ቆመዋል። ፍጥነቱም በሰዓት 300 ተይዞ ቆይቶ በሴፕቴምበር 2017 ወደ 350 ከፍ አለ። አሁን ፈጣኑ ጉዞ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ድሮ በሌሊት ባቡር 12 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር።

ከቤጂንግ ከተነሣችሁ የሱጆውን ጣቢያ እንዳለፋችሁ ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ ውጭ እዩ። ድልድዩ ያንግቼንግ ሐይቅን የሚያቋርጠው እዚያ ጋ ነው፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ያህል በውኃ ላይ።