ደላላውን ለአፍታ ተዉትና ሒሳባችሁን አምጡ

«ገበሬውን የሚበላው ደላላው ነው።» ስለ ግብርና ገበያ በተጠራ ስብሰባ ላይ ይህን ሳልሰማ የወጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ኃላፊው ይለዋል፣ ጋዜጠኛው ይለዋል፣ ከተማ የተቀመጠው ወንድም ይለዋል፣ ገበሬውም ሰምቶ ሰምቶ ይለዋል። ከተባለ በኋላ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ሻይ ይወጣል፤ ጥፋተኛው ተገኝቷላ!

ሥራዬ የግብርና ገበያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የማሳልፈውም በፎገራ ሜዳ፣ ከሩዝና ከሽንኩርት አምራቾች ጋር ነው። ደላላውን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በየስብሰባው የምሰማቸውን ቀለል ያሉ የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«ምርት ከጨመረ ትርፉ ራሱ ይመጣል።» አይመጣም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ሰምሮ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘርም በብዛት ተሠራጭቶ በቆሎ ተትረፈረፈ። ዋጋው 80 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የአጨዳውን ወጪ እንኳ ስለማይመልስ እዚያው ማሳ ላይ የቀረ በቆሎ ነበር። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው፣ በቀጣዩ ክረምት ማዳበሪያ ቀነሰ፣ ዝናቡም ከዳው፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም አንዱ መነሻው ይኸው የጥጋብ ኪሳራ ነበር። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ዛሬም እጄ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል» ብሎ ያበቃል። ከኩንታሉ ስንት ብር እንደተረፈ የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

«ቆይቶ የሸጠ ሁልጊዜ ያተርፋል።» ጤፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። በቆሎ ከሆነ በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ከገባ ብቻ። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ለዕዳው የሚበቃውን በታኅሣሥ ሸጦ የቀረውን ያቆይ እንጂ ሁሉንም ይዞ ወለድ አይቁጠር።

«ሒሳብ መያዝ ለተማረ ሰው ነው።» ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛ አለው።

እንግዲህ ወደ ደላላው።

አንድ የፎገራ ሽንኩርት አምራች ደላላ እንደዘረፋቸው በምሬት ነገሩኝ። ደብተር አውጥቼ አብረን ተቀመጥን። ቁጥሮቹን ለማሳያ እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን ያው ነው። አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር ገደማ) መሬት ላይ 60 ኩንታል አገኙ፤ ኩንታሉን በ1,800 ብር ሸጡ፤ 108,000 ብር ገባ።

«ስንት አወጡበት፣ አያ?»

«ለዘሩ፣ ለማዳበሪያው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለናፍጣውና ለጆንያው 75,000 ብር።»

«የልጆቹ ጉልበትስ? መሬቱን ለሰው ቢያከራዩትስ ስንት ያገኙ ነበር?»

«የራሴ መሬት፣ የራሴ ልጆች! ይሄ ምን ሒሳብ ያስፈልገዋል?»

ያስፈልገዋል እንጂ። ልጆቹ ለሌላ ሰው አርመውና ነቅለው ቢሆን የሚከፈላቸውን የቀን ሒሳብ፣ መሬቱም የሚከራይበትን ስንደምር 45,000 ብር መጣ። ጠቅላላ ወጪው 120,000 ሆነ ማለት ነው። አንድ ኩንታል የፈጀው 2,000 ብር፣ የተሸጠው በ1,800። በራሳቸው ሒሳብ 33,000 ብር የተረፋቸው የመሰላቸው ሰው 12,000 ብር ከስረዋል። ደላላው ደግሞ ከኪሎ 1 ብር ወሰደ እንበል፤ ከ60 ኩንታል 6,000 ብር ነው። ደላላውን ከምድረ ገጽ ብናጠፋው እንኳ ሰውየው በ6,000 ብር ኪሳራ ውስጥ ይቀራሉ። ይህን ሒሳብ በየስብሰባው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከሻይ በኋላ ግን ወሬው ተመልሶ ደላላው ላይ ነው።

ዋጋው ለምን 1,800 ሆነ? ምክንያቱም ሩዙ ተሰብስቦ እንዳለቀ ሜዳው በሙሉ በአንድ ሰሞን ሽንኩርት ይተክልና በአንድ ሰሞን ይነቅላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሚመጣው አይሱዙ ለመምረጥ እንጂ ለመለመን አይመጣም። ሽንኩርት ደግሞ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ አይጠብቅም። በዚያ ላይ ክብደት እንዲጨምር ተብሎ እስከ መንቀያው ዋዜማ ውኃ ይጠጣል። እንዲህ ያለ ሽንኩርት አንገቱ ሳይደርቅ ጆንያ ይገባና መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ የሚበሰብሰውን አስቀድሞ ከዋጋው ይቀንሳል። ትልቁ፣ መካከለኛውና ጥቃቅኑ በአንድ ጆንያ ተደባልቆ ሲቀርብለትም የሚከፍለው በጥቃቅኑ ዋጋ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ደላላው ስልኩን ከማንሳቱ በፊት ነው።

ደላላው የሚሠራውን ደግሞ እንቁጠር። ገዢ ይፈልጋል፣ መኪና ያገኛል፣ ጫኝ ያሰባስባል፣ ጆንያ ያቀርባል፣ አዲስ አበባ ላለው ነጋዴ «ጥራቱ ይህን ይመስላል» ብሎ ዋስ ይሆናል። ማታውኑ ለገበሬው ብር ቆጥሮ ይሰጣል። ገበሬው 1,800 የሸጠው ከተማ ሲደርስ እጥፍ ሆኖ ሲታይ ልዩነቱ ሁሉ ደላላው ኪስ የገባ ይመስላል፤ ናፍጣው፣ ኬላው፣ የበሰበሰው፣ የቸርቻሪዋ ትርፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የጤፍን ገበያ ተከትለው የሄዱ ጥናቶችም አዲስ አበባ ያለው ሸማች ከሚከፍለው ውስጥ አብዛኛው ለገበሬው እንደሚደርስ አሳይተዋል። ቶሎ የሚበላሸው የአትክልት ነገር ይለያል፤ አደጋው ስለሚበዛ ልዩነቱም ይሰፋል።

ደላላ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። የሚያጭበረብርበት ቦታ አለ፤ እሱን ቦታ ነው ማወቅ። ዋነኛው ማሳ ላይ ቆሞ በግምት መግዛት ነው። «ይቺ 40 ኩንታል ብትወጣት ነው» ይላል፤ ሲነቀል 60 ይሆናል። ስለዚህ በግምት አትሽጡ፣ በሚዛን ሽጡ። ሚዛኑንም ጎረቤቶች አዋጥታችሁ ግዙ፤ የእሱን ሚዛን ማመን የለባችሁም። ከአንድ ደላላ ጋር ብቻ አትነጋገሩ፤ ከመንቀያው ሁለት ሳምንት በፊት ከሁለት ሦስቱ ጋር ተደዋወሉ፣ ከተማ ላለ ዘመድም ደውላችሁ የጅምላውን ዋጋ ጠይቁ። የችግኝ መደቡን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ ዝሩና ግማሹ ምርት ገበያው በሽንኩርት ከመጥለቅለቁ በፊት ይውጣ። የፋሲካን ገበያ ያነጣጠረ ሰው ቀኑ በየዓመቱ እንደሚለዋወጥ አይርሳ፤ ባሕረ ሐሳቡን አይቶ ወደ ኋላ ይቁጠር። ውኃውን ከመንቀላችሁ በፊት አቁሙ። ለዩ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ዋጋ ጥሩ። የኩንታሉን ወጪ የማያውቅ ሰው «ከዚህ በታች አልሸጥም» ማለት ስለማይችል ደላላው የሚጠራውን ቁጥር ከመስማት በቀር ምርጫ የለውም።

«ደላላውን ማኅበር ይተካዋል።» አንዳንድ ቦታ ተክቶታል። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ ይሸጣል። ቡና ግን መጋዘን ገብቶ ይጠብቃል። ሽንኩርት ለመግዛት የተነሳ አንድ መሠረታዊ ማኅበር አውቃለሁ፦ ብድሩ የተለቀቀለት ምርቱ ተነቅሎ ካለቀ በኋላ ነው። ዋጋ የሚወስነው ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ ሽንኩርቱ ጆንያ ውስጥ ማላብ ጀመረ። አባላቱም ቢሆኑ ትልልቁን ለደላላው ሸጠው ጥቃቅኑን ነበር ለማኅበራቸው ያመጡት። በመኸር ጊዜ በእጁ ገንዘብ የሌለውና በቀኑ መወሰን የማይችል ማኅበር ደላላን ሊተካ አይችልም፤ አዋጅም ማኅተምም አይረዳውም።

«ውል ከገባሁ ዋጋ ሲወደድ እከስራለሁ።» ሊሆን ይችላል፤ በምትኩ ሲረክስ ትድናለህ። የቢራ ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎች ከብቅል ፋብሪካዎች ጋር በውል መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅም ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ዋጋ ሲወደድ በሌሊት ለሌላ ሸጦ፣ ሲረክስ ፋብሪካው በር ላይ ውል ይዞ የሚቆም ሰው ግን አጋጥሞኛል፤ እሱን የሚረዳ ምክር የለኝም። ለሌሎቻችሁ፦ ጥራቱን ማን እንደሚለካ፣ ምርቱ የት እንደሚመዘንና ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ አትፈርሙ።