ጥቁሩ ፈረሰኛ ምንድን ነው? ማንስ ነው?

የግሪክን ታሪክ ስታነቡ "ማቭሮስ ካቫላሪስ" የሚል ስም ብቅ ይላል፣ ጥቁሩ ፈረሰኛ ማለት ነው። መጀመሪያ ስትሰሙት የተረት ሰው ይመስላል ግን ኒኮላዎስ ፕላስቲራስ የሚባል ጄኔራል ቅፅል ስም ነው። ሰውዬው ሦስቴ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፣ ሁለቴ መፈንቅለ መንግሥት መርቷል (አንዱ ተሳካ አንዱ ከሸፈ)፣ በሌለበት ሞት ተፈርዶበታል፣ ሲሞት ደግሞ ይሄ ነው የሚባል ንብረት አልነበረውም። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1883 ቴሳሊ ውስጥ ካርዲትሳ ነው። በ1903 በተራ ወታደርነት ተቀጥሮ ቀስ በቀስ መኮንን ሆነ። ስሙን ያገኘው በባልካን ጦርነት ነው፣ መልኩ ጠየም ያለ ነበር፣ በ1913 ላሃናስ ላይ ባሳየው ድፍረት ጥቁሩ ፈረሰኛ ተባለ፣ በዛው ቀረ። ኋላ ትንሿ እስያ (የዛሬዋ ቱርክ) ላይ ሲዋጋ ቱርኮቹም የራሳቸውን ስም አወጡለት፣ "ቁንዶ በርበሬ" ይሉት ነበር፣ የሚመራውን ጦር ደግሞ የሸይጣን ጦር።

ዋናው ነገር የመጣው በ1922 ነው። የግሪክ ጦር ትንሿ እስያ ላይ ድባቅ ተመታ፣ ወታደሩ መሳሪያውን እየጣለ ወደ ባሕር ሲሸሽ የኮሎኔል ፕላስቲራስ ጦር ግን ሳይበተን እየተዋጋ ነው ያፈገፈገው። ከዛ ኪዮስ ደሴት ላይ ተሻገሩና እዛው ጦሩን ይዞ፣ ከኮሎኔል ጎናታስ ጋር ሆኖ በመስከረም አመፀ፣ አቴንስ ገቡ፣ ንጉሥ ኮንስታንቲን ዙፋኑን ለቀቀ። አገሪቱ ደግሞ ከትንሿ እስያ በሸሸ ስደተኛ ተጥለቅልቃለች፣ 5 ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ያላት አገር ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው መጣባት፣ ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው የሚያድረው፣ እና ሕዝቡ ለዚህ ሁሉ መከራ ተጠያቂ ይቅረብ እያለ ነው።

ተጠያቂ ቀረበ። የስድስቱ ችሎት የሚባለው ይሄ ነው። አምስት ፖለቲከኞች (ሦስቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ናቸው) እና ጦሩን ይመራ የነበረው ጄኔራል ሃጂአነስቲስ፣ ኅዳር 28 ቀን 1922 ጠዋት ሞት ተፈረደባቸው፣ በዚያው ቀን ጉዲ የሚባል የአቴንስ ጦር ሰፈር ተወስደው ተረሸኑ። ከመሃላቸው ጉናሪስ በታይፎይድ ታሞ ስለነበር ከአልጋው አንስተው ነው የወሰዱት። እንግሊዝ አምባሳደሯን ጠራች። ጥፋተኛ የተባሉበት ወንጀል የአገር ክህደት ነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሰዎቹ ሽንፈት እንጂ ክህደት አልፈፀሙም፣ የግሪክ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2010 ፍርዱን ሽሮታል፣ ከ88 ዓመት በኋላ! የንጉሥ ኮንስታንቲን ወንድም ልዑል አንድሪያስም ተከሶ ነበር ግን በእንግሊዝ ጣልቃ ገብነት ከአገር ተባረረና ተረፈ። ቤተሰቡን ይዞ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሲወጣ የዓመት ከመንፈቅ ልጁን በብርቱካን ሳጥን ውስጥ አስተኝተው ነው የወሰዱት። ልጁ ፊሊፕ ነው፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባል፣ በ1965 አዲስ አበባ መጥተው ጃንሆይ የተቀበሏቸው።

ይሄ ችሎት የፕላስቲራስ ጥቁር ነጥብ ነው። ግን ይኸው ሰው በ1923 የትላልቅ ባለርስቶችን መሬት እየወሰደ ለመሬት አልባው ገበሬና ለስደተኛው የማከፋፈሉን ሥራ አፋጠነ (መሬት ላራሹ በሉት)፣ ምርጫ አስደረገ፣ በጥር 1924 ደግሞ ሥልጣኑን ለተመረጠው ጉባኤ አስረክቦ ጡረታ ወጣ። በጠመንጃ የያዘውን ወንበር በራሱ ጊዜ የሚለቅ ወታደር ስንት አለ?

ችግሩ ፀባዩ አለመልቀቁ ነው። በመጋቢት 1933 የሱ ወገን ምርጫ ሲሸነፍ በማግስቱ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቆየም፣ ፈረንሳይ ገባ። በ1935 የሞት ፍርዱም እዛ እያለ ነው የተፈረደበት። አቴንስ ውስጥ ግራዎቹና እንግሊዞች መንገድ ላይ ሲታኮሱ፣ በ1944 መጨረሻ፣ እንግሊዞቹ ፈልገው አመጡት፣ ጥር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በየካቲት በመንግሥትና በግራዎቹ መካከል የቫርኪዛ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በሚያዝያ ግን በ1941 የፃፈው ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ ወጣበት፣ ከጣሊያን ጋር ያለው ጦርነት እንዲቆም ጀርመን ታስታርቀን የሚል ነገር ያለበት፣ በሱ ሰበብ ተነሳ።

መንግሥትና ኮሚኒስቶች ከተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት (1946–1949) በኋላ የተመለሰው ፕላስቲራስ ሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል። በቃ እንታረቅ፣ እስረኛ ይፈታ፣ ግድያው ይቁም እያለ ነበር የሚቀሰቅሰው፣ በ1950 ለጥቂት ወራት፣ ከ1951 እስከ 1952 ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ መራ። ሴቶች ለፓርላማ የመምረጥ መብት ያገኙት፣ ግሪክ ኔቶ የገባችው በሱ ጊዜ ነው፣ ወታደሮቿም ልክ እንደ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ነበሩ። ግን ቤሎያኒስ የሚባል ኮሚኒስት (አበባ የያዘ ምስሉን ፒካሶ የሳለው) ሞት ተፈረደበት፣ ከብዙ አገር ምሕረት ተለመነ፣ ንጉሥ ጳውሎስ እምቢ አለ። ፕላስቲራስ በዛው ወር ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1952 እሁድ ሳይነጋ፣ በመኪና መብራት፣ ቤሎያኒስን ከሦስት ሰዎች ጋር ረሸኑት። ቦታው ያው ጉዲ ነው። ታሞ ስለነበር አልቻለም የሚሉ አሉ፣ ሥልጣኑን መልቀቅ ነበረበት የሚሉም አሉ፣ እኔ ሁለተኛው ይመዝንብኛል፣ ምክንያቱም ዕርቅ ብሎ ነው ድምፅ የተሰጠው።

በዛው ዓመት ኅዳር ምርጫ ላይ በጄኔራል ፓፓጎስ ተሸነፈ፣ ሐምሌ 1953 ሞተ። ቤት እንኳ አልነበረውም፣ ኪሱ ውስጥ የተገኘችውን ጥቂት ድራክማ ግሪኮች እስከ ዛሬ ያወሩላታል፣ በተለይ ፖለቲከኛ ሲሰርቅ በተያዘ ቁጥር። ካርዲትሳ አካባቢ ደግሞ ስሙ የሚነሳው በሐይቁ ነው። ታቭሮፖስ ወንዝ ተገድቦ ውሃው ወደ ሜዳው ይምጣ የሚለው ሐሳብ የሱ ነው ይባላል፣ ግድቡ ያለቀው በ1959 እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ 83 ሜትር ከፍታ አለው፣ ውሃው መብራት አመንጭቶ ሲያበቃ ወርዶ የሜዳውን ጥጥ ያጠጣል። የፕላስቲራስ ሐይቅ ይሉታል።