የደለል ይዘትና የደለል ጭነት፦ ሞዴሉ የሚያሞኝበት ቦታ

የደለል ይዘት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው አፈር ነው፤ በሚሊግራም ይለካል። የደለል ጭነት ደግሞ ወንዙ በቀን ተሸክሞ የሚያልፈው ቶን ነው። ጭነቱን ለማግኘት ፍሰቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈውን ውሃ፣ በይዘቱና መለኪያውን ወደ ቶን በቀን በሚቀይረው 0.0864 ማባዛት ነው፦ በሰከንድ 2,000 ሜትር ኩብ፣ በሊትር 3,000 ሚሊግራም ቢሆን በቀን 518,400 ቶን።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጭነት ፍሰትን በውስጡ ይዟል። ፍሰትን ተቀብሎ ጭነትን እንዲተነብይ የሰለጠነ የማሽን ለርኒንግ ሞዴል (ከመረጃ ተምሮ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ስለ አፈሩ እምብዛም ሳያውቅ ከፍተኛ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፤ ግማሹ መልስ ከጥያቄው ጋር ተሰጥቶታልና። ይዘቱን እንዲተነብይ አድርጎ ጭነቱን በኋላ ማስላት ይሻላል።

ፍሰት ብቻውንም አይበቃም። በአባይ ደለሉ ጣሪያ የሚነካው ከፍሰቱ ቀድሞ ነው፤ በክረምቱ መግቢያ ማሳው ታርሶ ራቁቱን ነው፣ ኋላ ግን ቡቃያው ይሸፍነዋል። ያው ፍሰት በሐምሌ ድፍርስ፣ በመስከረም ጠራ ያለ ነው። ስለዚህ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የተጠራቀመውን ዝናብና ያለፉትን ቀናት ፍሰት ጨምሩለት። መረጃውን ለሥልጠናና ለፈተና ስትከፍሉም በዓመት ክፈሉ፤ ቀናቱን ካደባለቃችሁ ጎረቤት ቀናት ስለሚመሳሰሉ የፈተናው ውጤት ያለአግባብ ያብጣል።